ያልተጣሉትን ያስታረቅንበት ሩጫ

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ እዚሁ ጅግጅጋ በአንድ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ትምህርት ጀመርኩ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ በዕድሜ የሚበልጠው ልጅ ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል። ስሜ አስቴር ነው፤ ግን በስሜ የሚጠራኝ የለም። ሁሉም «ሆዮ» ይሉኛል፣ በሶማልኛ እናት ማለት ነው። የምቀመጠው ከፊት ነው። አንድም ዓይኔ ስለደከመ፣ አንድም መምህርታችን ሆዳን የምትጠይቀውን ከሁሉም ቀድሜ መመለስ ስለምፈልግ። ብዙውን ጊዜ ቀድሜ እሳሳታለሁ።

በቅርቡ መምህርታችን የእንግሊዝኛ አባባሎችን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ በፌስታል ይዛ ገባች። እያንዳንዳችን አንድ አንድ አወጣን። ትርጉሙንና ከየት እንደመጣ አጥንተን ለክፍሉ ማስረዳት ነበረብን። ለእኔ የደረሰኝ «ዴድ ሂት» የሚል ነው። ቃል በቃል ፈታሁትና «የሞተ ሙቀት» አልኩ።

«ሆዮ፣ ይሄንን ደወሌ ወስደሽ አሳያቸው» አለኝ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ። «እዚያ ሙቀት ሞቶ አያውቅም።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። በድሮ ዘመን በእንግሊዝ አገር በፈረስ እሽቅድምድም ፈረሶች በአንድ ቀን ያንኑ ርቀት ደጋግመው ይሮጡ ነበር። እያንዳንዱ ዙር «ሂት» ይባላል፤ ፈረሱን የሚያሞቅ አንድ ሩጫ ለማለት ነው ይላሉ። ሁለት ፈረሶች እኩል ገብተው ዳኛው መለየት ሲያቅተው ያ ዙር ለማንም አይቆጠርም። እንደ ሞተ ይታያል፤ ከዚያ እንደገና ይሮጣል። በኋላ ደጋግሞ የመሮጡ ልማድ ቀረና ስሙ ብቻ ተረፈ። ዛሬ አባባሉ እኩል ገቡ፣ አቻ ወጡ ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም።

ተነሥቼ ይህንን ባስረዳሁ ጊዜ መምህርቷ፣ «እርስዎስ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞዎት ያውቃል?» ስትል ጠየቀችኝ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት የሩጫ መድረሻ መስመር ላይ መሆኑን አታውቅም ነበር። ገጥሞኛል አልኩ። ሰዓቱ አልበቃንም። «እንግዲያው ይጻፉት፤ መጀመሪያ በሚቀልዎት ቋንቋ ይጻፉትና ለኮሌጁ መጽሔት እንሰጠዋለን» አለች። የቤት ሥራ ነውና እነሆ።

ተወልጄ ያደግሁት ሐረር ነው። በስፖርት መምህርነት ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ቀብሪበያ ነበር። የስፖርት ሜዳ የተባለው እሾህና ጠጠር የሞላበት ገላጣ ነበር። የክፍለ ጊዜው ግማሽ ድንጋይ ለቀማ ነው፤ ልጆቹ እሱንም ውድድር አድርገውት ነበር። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለሻይ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። ከዓመታት በኋላ ወደ ጅግጅጋ ተዛወርኩና በስፖርት ቢሮ የአትሌቲክስ ዳኛ ሆንኩ። ብዙ ኃላፊዎች አይቻለሁ። ንግግር የሚወዱ ነበሩ፤ ሯጮቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ንግግር ያዳምጣሉ። አንዱ ግን ስለ ሩጫ ምንም የማያውቅና አለማወቁን የሚያውቅ ሰው ነበር። መኪናውንና ውሃውን በሰዓቱ ያመጣና ጥላ ሥር ቁጭ ይላል። ከሁሉም የተሻለው እሱ ነበር።

ሙያውን ያስተማሩኝ አዴር ጃማ ናቸው። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው በዚሁ ይጠራል። እሳቸው የመድረሻ ዳኞች አለቃ ነበሩ። በወጣትነታቸው ደወሌ ላይ በድሮው የባቡር ጣቢያ ሠርተዋል። ሥራቸው ባቡር ሲገባ የመጨረሻው ፉርጎ ሐዲዶቹ ከሚገናኙበት ቦታ አጠገብ የተተከለውን ነጭ ድንጋይ አልፎ መሄዱን ማረጋገጥ ነበር። ፉርጎው ድንጋዩን ሳያልፍ ሌላ ባቡር ከተለቀቀ ግጭት ነው።

«ሰው ሁሉ የሚያየው ሎኮሞቲቩን ነው» አሉኝ መጀመሪያ በተገናኘን ቀን። «ትልቅ ነው፣ ይጮኻል። እኔ የማየው ድንጋዩን ነበር። ባቡሩ ራሱ ይመጣልኛል።»

መድረሻ ላይም እንደዚያው ነበሩ። ከውድድር በፊት ኖራውን ራሳቸው ያሰምራሉ። ከመሮጫው መም ወዲያና ወዲህ፣ ልክ በመስመሩ ጫፍና ጫፍ፣ ነጭ የተቀቡ ሁለት እንጨቶች ይተክላሉ። ሌሎች ዳኞች ከፍ ያለ መቆሚያ ይወዳሉ፤ እሳቸው ግን ከአንደኛው እንጨት ኋላ ዝቅተኛ በርጩማ ያስቀምጡና ይቀመጣሉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅሙ የወዲያኛው እንጨት በአጭሩ በወዲህኛው አናት ላይ ቀጥ ብሎ እስኪታይ ይስተካከላሉ። ሁለቱ እንጨቶች አንድ ሲሆኑ ያኔ መስመሩ ላይ ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሯጭ አያዩም፤ ሯጭ መጥቶ የወዲያኛውን እንጨት ሲጋርድ ብቻ ያያሉ። የሚቆጠረው ደረት ነው። እጅ ቀደመ፣ እግር ቀደመ፣ አንገት ቀደመ አይባልም።

ሌላ ልማድ ነበራቸው። ሯጮቹ ሲቃረቡ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ ያደርጋሉ። ከበርጩማው ላይ ሆነው ኮፍያውን ሲያወርዱት የሯጮቹ ፊት ይጋረድና ከአንገት በታች ብቻ ይታያቸዋል።

«ፊታቸውን ለምን አያዩም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጅግጅጋ ውስጥ የማላውቀው ፊት የለም፣ አስቴር። አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። አንዱ የጎረቤቴ። የአንዱ አባት ከእኔ ጋር አይነጋገርም። ደረት ግን ዘመድ የለውም።»

ያዩትንም መጀመሪያ በእስክሪብቶ መዳፋቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚናገሩት። እኔንም እንደዚያው አስለመዱኝ። «አፍሽ እጅሽን ከቀደመ ያየሽውን ትተሽ የሰማሽውን ትናገሪያለሽ» ይሉ ነበር። ውድድር ሲያልቅ ሁላችንም መዳፋችንን ዘርግተን እናስተያያለን። ኮፍያውን የማውረድ ልማድ ግን ሳልወስድ ቆየሁ። ፊት ማየት እወድ ነበር፤ ሐረር ያደገ ሰው ፊት ሳያይ መዋል ይከብደዋል።

በ2010 ክረምት ከተማችን ላይ የደረሰውን ሁከት የዚህ አገር ሰው ያውቀዋል። ከሌላ ክልል ተመድበው ይሠሩ የነበሩ ባልደረቦቻችን ብዙዎቹ ሄዱ። እኔ ቀረሁ፤ ጎረቤቶቼ አንሰጥሽም ስላሉኝ ቀረሁ። የዳኞች ቁጥር ተመናምኖ ስለነበር ውድድር እንደገና ሲጀመር አዴር ጃማ፣ እኔና አንድ ወጣት የሰዓት ያዥ የሦስት ሰው ሥራ ሳይሆን የሦስት ቡድን ሥራ እንሠራ ነበር። ደግሞም ሰዉ ሁሉ በጥርጣሬ የሚተያይበት ጊዜ ነበር። እንዲያ ባለ ጊዜ ነው ጉናጋዶ የሄድነው።

የወረዳ ትምህርት ቤቶችን ውድድር የማስተናገድ ተራ የጉናጋዶ ነበር። የሴቶች ስምንት መቶ ሜትር አሸናፊ ክልሉን ወክላ አገር አቀፍ ውድድር ላይ ትሮጣለች። መመሪያው ለአንድ ርቀት ከአንዲት ሯጭ በላይ አይፈቅድም። ቀኑ የገበያ ቀን ስለሆነ ግመል ሊሸጥ የመጣው ሁሉ ሜዳው ዙሪያ ቆሟል። ነፋሱ ኖራውን ስለሚያነሣው አዴር ጃማ መስመሩን ደጋግመው አደሱት።

በቀይ ማሊያ የምትሮጠው የአገሩ ልጅ አያን ነበረች። ሰማያዊ የለበሰችው ሰሀራ ደግሞ ከቀብሪበያ የመጣች። ከመጨረሻው መታጠፊያ ጀምሮ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሪቫኑን የበጠሱት አብረው ነው፤ ሪቫኑ የሁለቱም ደረት ላይ ተጠምጥሞ ጥቂት እርምጃ ይዘውት ሄዱ። አዴር ጃማ መዳፋቸው ላይ ጻፉ። እኔም ጻፍኩ። ሰዓት ያዡም ጻፈ። ስንዘረጋው ሦስታችንም ላይ የእኩል ምልክት ነበር።

አብሮን ለመጣው ለቢሮው ኃላፊ ነገርነው።

«ስም ስጡኝ» አለ። «አቻ የምትባል ልጅ አልተመዘገበችም።»

«ነገ ጠዋት ይድገሙት» አሉ አዴር ጃማ።

«መኪኖቹ ዛሬ ይመለሳሉ፣ አዴር። የነገ ነዳጅ የለኝም።»

እኛ ይህንን ስንባባል ሰዉ ስልኩን አውጥቷል። አንዱ ወጣት ከመድረሻው ወዲህ ቆሞ ቀርጾ ነበር፤ በእሱ ስልክ ቀይዋ ትቀድማለች። ሌላው ከመድረሻው ወዲያ ቆሞ ቀርጾ ነበር፤ በእሱ ደግሞ ሰማያዊዋ። ሁለቱም የዋሹት ነገር አልነበረም። የቆሙበት ቦታ ነው የሚዋሸው፤ ከመስመሩ ወዲህ ሆኖ ያየ ወደ እሱ የቀረበችውን፣ ወዲያ ሆኖ ያየ ደግሞ የራቀችውን አሸናፊ ያደርጋል። ይህንን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ግን ስልኮቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፉ ግፊያው ተጀመረ። የቀብሪበያ ልጆች ወደ ሚኒባሳቸው ተሰበሰቡ። አንድ ድንጋይ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሚኒባሱ አጠገብ ወደቀ።

ያኔ ሀጂ ኑር መጡ። ጢማቸው በሂና የቀላ የአገሩ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ የአያን አያትም ናቸው። ከዘራቸውን አንሥተው ሰዉን ዝም አሰኙትና ወደ አዴር ጃማ ዞሩ።

«ጃማ፣ አንተ ሽማግሌ አይደለህም እንዴ? ና፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር እዚያ ግራር ሥር ተቀመጥ።»

አዴር ጃማ አንድ ጊዜ መስመሩን አዩ፤ አንድ ጊዜ ሚኒባሱን። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙና ሄደው ተቀመጡ። ወሬው ረዘመ። መካከል ላይ ለከሰዓቱ ለዐስር ሶላት ውሃ መጣ፤ ሲታጠቡ መዳፋቸው ላይ የነበረው ምልክት ለቀቀ። ተነሥተው ሲመጡ ጉዳዩ ተፈጽሞ ነበር። ድሉ ለባለ አገሯ ለአያን። እንግዳ ግን በባዶ እጁ አይሸኝምና ለሰሀራ አንዲት ራሷ ጥቁር የሆነች ነጭ በግ። ዱዓ ተደረገ፤ ሁሉም አሚን አለ። ሁለቱን ልጆች አቅርበው አጨባበጧቸው።

ልጆቹ ትንሽ ቀደም ብሎ ከአንድ የውሃ ኮዳ እየተቀባበሉ ሲጠጡ አይቻቸው ነበር።

ሰሀራ የበጓን ገመድ ሲሰጧት አልተቀበለችም። «እኔ በግ ልገዛ አልመጣሁም» አለች። አስተማሪዋ ዝም በይ አላት። በጓን እግሯን አስረው ሚኒባሱ ውስጥ ከወንበሯ አጠገብ ጫኑላት። ሰሀራ ከረጅም እጅጌ ልብሷ ላይ የደረበችውን ሰማያዊ ማሊያ አወለቀችና በጓ ጀርባ ላይ ጣለችው።

«የተሸለመችው እሷ ናት» አለች። «እሷ ትልበሰው።»

ወደ ጅግጅጋ ስንመለስ አዴር ጃማ መንገዱን ሙሉ መዳፋቸውን በአውራ ጣታቸው ሲያሹ ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ፣ «ዳኛ ሆኜ ሄድኩ፤ ሽማግሌ ሆኜ ተመለስኩ» አሉ። ደግሞም፣ «ያልተጣሉትን አስታረቅናቸው፣ አስቴር። አሁን ይጣላሉ።»

ደም እንዳይፈስ ብለው ነው ያደረጉት፤ ያኔ ግራሩ ሥር ባይቀመጡ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ያም ሆኖ እንደ ዳኛ ወድቀን ነበር። ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከሳምንታት በኋላ ሰሀራ ሩጫ አቆመች የሚል ወሬ ሰማሁ። ቀብሪበያ ዘመድ ለመጠየቅ እንደሄድኩ ሆኜ ሄድኩ። እናቷ ወተት የሚሸጡበት ጥላ ኋላ አገኘኋት፤ ጣሳ እያጠበች ነበር። በጓ አጠገቧ ታስራ የካርቶን ጥራጊ ታኝካለች። ከእግሯ ሥር አንዲት አዲስ ግልገል ቆማለች። ለካ በጓ ስትሰጥ እርጉዝ ነበረች።

«ልምምድ አቁመሻል አሉ» አልኳት።

«ኤዶ፣ እሷን አሠልጥኗት» አለች በጓን በአገጯ እያሳየችኝ። ኤዶ አክስት ማለት ነው። ጣሳውን አስቀመጠች። «ተሸንፈሻል ብትሉኝ ቤቴ ገብቼ አለቅስና በማግሥቱ እነሣ ነበር። አሸንፈሻል ብትሉኝም እነሣለሁ። ሁለቱንም አላላችሁኝም። ምን ብዬ ልነሣ?»

እናቷ ከወዲያ ሆነው፣ «በጓን ውሰዱልኝና ልጄን መልሱልኝ» አሉ።

ይህንን ወስጄ ለአዴር ጃማ ነገርኳቸው። እንዳለ ሰሙኝ። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በጓ አለች? አልታረደችም?»

«አልታረደችም። እንዲያውም ወልዳለች።»

ተነሥተው ጫማቸውን አደረጉ። በአገራቸው ልማድ ለእርቅ የተሰጠ ነገር ተበልቶ ካለቀ እርቁ ታሽጓል ማለት ነው፤ ማንም አይከፍተውም። በሕይወት ካለና ወደ ሰጪው በክብር ከተመለሰ ግን ነገሩ እንደገና ይከፈታል። የአገር አቀፉ ውድድር ገና አልደረሰም ነበር።

በጓንና ግልገሏን ይዘን ጉናጋዶ የሄድነው በሚኒባስ ነው። በጓ ከላይ ከዕቃው ጋር ተጫነች፤ ግልገሏን አዴር ጃማ ታቅፈዋል።

«አዴር፣ ለግልገሏ ወንበር ይከፈላል» አለ ረዳቱ።

«ታቅፌያት እያየህ?»

«ታቅፈዋታል፤ ግን መስኮቱን የያዘችው እሷ ናት።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ብቻ አልከፈልንም።

ሀጂ ኑር ቤት ስንደርስ ምንጣፍ ተነጠፈልን፤ ሻይ በወተት ቀረበ። አዴር ጃማ ሻዩን ሳይነኩ በጓን በር ላይ አሰሩ።

«ሀጂ፣ የሰጠኸንን መልሼልሃለሁ።»

«ጃማ፣ ዱዓ ተደርጎበታል» አሉ ሀጂ ኑር። ፊታቸው ጠቆረ። «ያን ቀን አንተም አሚን ብለሃል።»

«ብያለሁ። ግመል ተሰርቆ፣ ውሃ ተከልክሎ አስታርቀኝ ብትለኝ ዛሬም አሚን እላለሁ። እነዚህ ልጆች ግን አልተጣሉም። እኔ የተጠየቅሁት ማን ቀደመች ነው። እኔም እኩል ናቸው ብዬ እጄ ላይ ጽፌ ነበር፤ ውሃህ አጠበው።»

«እና አሁን ምን ትፈልጋለህ? የልጅ ልጄን ድል ልትወስድ?»

በዚህ ጊዜ አያን የሻይ ብርጭቆ ልትሰበስብ ገብታ ነበር። አልወጣችም። ሰሃኑን ይዛ እንደቆመች፣ «አያቴ፣ ትምህርት ቤት ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ?» አለች።

«ምን ይሉሻል?»

«የበግ ሻምፒዮን። ሳልፍ ‹ባዕ› ይላሉ።»

ሀጂ ኑር ለመሳቅ ያህል ሆኑና ተዉት። «እንደገና ሮጠሽ ብትሸነፊስ? እጅሽ የገባውን ታጫለሽ።»

«እጄ አልገባም እኮ» አለች። «እጄ ቢገባ ባዕ አይሉኝም ነበር።»

እውነት ለመናገር ከሁላችንም የምታጣው ነገር ያላት እሷ ነበረች። ሰሀራ ምንም በእጇ የለም፤ አያን ግን መሄጃው በስሟ ተጽፎላታል። ሀጂ ኑር ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አያንን አዩዋት። በኋላ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱና በጓን ደበስ አደረጓት።

«እናቲቱን ተቀብያለሁ» አሉ። «ስምምነቱ ፈርሷል። ግልገሏ ግን የተወለደችው ቀብሪበያ ነው፤ በስምምነቱ ውስጥ አልነበረችም። የዚያች ልጅ ናት።»

«ልጅቷ አትቀበልም፣ ሀጂ። ታውቃታለህ።»

«እንግዲያው እናቷ ጋ ትጥባ። እስክትቀበል እኔ አቆይላታለሁ።»

ኃላፊያችን ነገሩን ስንነግረው፣ «ነዳጅ ካልጠየቃችሁኝ እስክትጠግቡ ሩጡ» አለ። ስለዚህ ሩጫው ጅግጅጋ ላይ እንዲሆን ተወሰነ፤ የማንኛዋም አገር አይደለም። ሁለቱም ወገኖች በራሳቸው መጡ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ብርድ ነበር። አዴር ጃማ ኖራውን አሰመሩ፤ እንጨቶቹን ተከሉ። ከዚያ በርጩማውን ወደ እኔ ገፉት።

«እኔ በዚህ ጉዳይ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ዛሬ አልዳኝም። አንቺ ተቀመጪ።» ኮፍያቸውንም አውልቀው ሰጡኝ።

ሰዓት ያዡ ወጣት ስልኩን አምጥቶ ነበር። አዴር ጃማ ወሰዱትና ልክ መስመሩ ላይ፣ ከወዲህኛው እንጨት ጋር በገመድ አሰሩት። ጎንበስ ብለው በስልኩ መስኮት አዩና የወዲያኛው እንጨት ልክ መሃል ላይ እስኪሆን አስተካከሉት። «ስልክም መቀመጫውን ካወቀ ዳኛ ይሆናል» አሉ። ዛሬ በየውድድሩ መስመር ላይ ካሜራ ሲተከል ሳይ እኔን ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ሥራችንን ነጠቀን የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እኔ ግን በርጩማው ላይ አዲስ ሰው የተቀመጠ ነው የሚመስለኝ።

ፊሽካው ተነፋ። ኮፍያውን እስከ ቅንድቤ አወረድኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የአያንንም የሰሀራንም ፊት በደንብ አውቃለሁ፤ አንዷን ጣሳ ስታጥብ፣ ሌላዋን የሻይ ሰሃን ይዛ ስትቆም አይቻለሁ። ማንኛዋ እንድታሸንፍ እንደምፈልግ ለራሴ እንኳ አልተናገርኩም፤ ግን አንዷን እፈልግ ነበር። አዴር ጃማ ኮፍያ የሚያወርዱት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። የሚሸሹት የሰዉን ፊት ብቻ አልነበረም።

እንጨቱን አየሁ። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ጩኸቱ በጀርባዬ አለፈ። ከመታጠፊያው ወዲህ ትንፋሻቸውን ሰማሁ። እንጨቱን አየሁ። ቀይ ጋረደው። እንጨቱ ተመልሶ ታየኝ፤ ነጭ ሆኖ፣ ብቻውን። ከዚያ ሰማያዊ ጋረደው።

መዳፌ ላይ ጻፍኩ። ኮፍያውን አነሣሁ።

አያን ጉልበቷን ይዛ ቆማ ነበር። ሰሀራ ከመስመሩ አልፋ መሬት ላይ ተዘርግታ ክንዷን ዓይኗ ላይ አድርጋለች። ከቀብሪበያ የመጡት አልተንቀሳቀሱም። ከጉናጋዶ የመጡትም ገና አልጮኹም፤ ሁሉም እኔን ነበር የሚያዩት። ሰሀራ ተነሣች፤ አቧራዋን ሳታራግፍ ወደ እኔ መጣች።

«ኤዶ፣ መዳፍሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋሁላት። «ቀይ» ይላል። አነበበችው።

«በምን ያህል?»

«በአንድ እርምጃ። በመካከላችሁ እንጨቱ ታየኝ።»

«ጥርት ብሎ?»

«ጥርት ብሎ።»

መዳፌን ለቀቀች። እንባዋ ወረደ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ከዚያ ወደ አያን ሄዳ ጨበጠቻት፤ ማንም አላቀረባቸውም። ሲተቃቀፉ አያን በጆሮዋ የሆነ ነገር አለቻት፤ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ሰሀራ ዞራ ከመኪናቸው አጠገብ የቆሙትን ሀጂ ኑርን ፈለገች።

«ሀጂ» አለች። «ግልገሌ የት አለች?»

ሀጂ ኑር እስኪያስላቸው ሳቁ። ግልገሏን ከእናቷ ጋር በመኪናው ይዘዋት መጥተው ነበር፤ ምናልባት ብለው። ሰሀራ ታቀፈቻት። ሁለቱ ልጆች እዚያው ስም አወጡላት፤ ባርባሮ አሏት፣ በሶማልኛ አቻ ማለት ነው። ኃላፊያችን ይህንን ሲሰማ፣ «አሁን አቻ የምትባል ተገኘች፤ ግን አልተመዘገበችም» አለ።

አያን አገር አቀፍ ውድድር ሄደች። ሜዳሊያ አላመጣችም፤ ተመልሳ ግን ባዕ ያላት የለም። ሰሀራ በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ጀመረች። አሁን የስፖርት መምህርነት እየተማረች ነው፤ ስትደውልልኝ ስለ ባርባሮ ግልገሎች ነው የምታወራው።

አዴር ጃማ ዛሬ ዓይናቸው ሞራ ለብሶታል። ይህንን ጽፌ እንደጨረስኩ ለመምህርቴ ከመስጠቴ በፊት ቤታቸው ሄጄ አነበብኩላቸው። ስለ እንግሊዞቹ ፈረሶች ያለው ቦታ ላይ አስቆሙኝና ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ።

«ስለዚህ እነሱ ሩጫው ሲሞትባቸው አንሥተው እንደገና ያስሮጡታል» አሉ።

«አዎ።»

«እኛ ግን ቀብረን በግ ሰጠንለት።»

«አልታረደችም እኮ፣ አዴር።»

«እሱ ነው ያተረፈን» አሉ፤ ኮፍያቸውንም ፈልጌ እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።